ሣጥኑ የሚያውቀውን አባወራው አያውቀውም

«የዚህ ሰፈር ድምፅ የታወቀ ነው» የሚል ሰው በየከተማው አይጠፋም። እኛም ድሬዳዋ ሞልቶናል። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የመጋላን፣ የገንደቆሬን፣ የሳቢያንን፣ የለገሃሬን ድምፅ በጣቱ እየቆጠረ ለየፓርቲው የሚያድል ብዙ ነው። «እነዚህ የእገሌ ናቸው፤ ከደቻቱ ማዶ ያሉት ደግሞ የእነ እገሌ» ይላል። ስሌቱም ብዙ ጊዜ ይሠምርለታል። አንዳንዴ ግን ሣጥኑ ሲከፈት ማንም ያልጠበቀው ነገር ይወጣል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለዚያ «አንዳንዴ» ነው። ጉዳዩ የፖለቲከኞች ብቻ ቢሆን ኖሮ በቤተሰብ ገጽ ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን ያልታሰበ ውጤት የሚነሣው ከየቤታችን ነው። ከተሰማ በኋላም ተመልሶ የሚገባው እዚያው ቤት፣ በአባትና በልጅ፣ በባልና በሚስት መካከል ነው።

23 ከ23

በአገራችን ትልቁ ያልታሰበ ውጤት የመጣው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ነው። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። አዲስ አበባ የመንግሥት መቀመጫ ናት፤ በ1992ቱ ምርጫ አብዛኛውን የፓርላማ ወንበሯን የወሰደው ኢሕአዴግ ነበር። ከምርጫው ስምንት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 29፣ ገዥው ፓርቲ መስቀል አደባባይን በደጋፊ አጥለቀለቀው። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ ተቃዋሚዎች ያንኑ አደባባይ ሞሉት። ሁለቱንም ቀን የወጣ ሰው እንደነበረ ብዙዎች በኋላ እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በአደባባይ የወጣውን ሰው ቆጥሮ የምርጫ ውጤት መተንበይ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ሣጥኑ ሲከፈት ቅንጅት ከአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች 23ቱንም ወሰደ። ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎችም 137ቱን። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ዳዊት ዮሐንስ ወንበራቸውን አጡ። የትምህርት ሚኒስትሯ ገነት ዘውዴም እንዲሁ። በመንገድና በጽዳት ሥራቸው ስም ያተረፉት ከንቲባ አርከበ ዕቁባይ እንኳን አልተረፉም።

ምክንያቱን ብዙዎች ብዙ ብለውበታል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፈው ክርክር ሰዉ ሁለቱንም ወገን ጎን ለጎን እንዲመዝን አድርጎታል። ሥራ ያጣው ወጣት ብዙ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ያን ያህል ሰው ሐሳቡን መለወጡን አስቀድሞ ያወቀ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሰዉ ሐሳቡን የለወጠው በየልቡ ነው።

ያልታሰበው በአዲስ አበባ ብቻ አልነበረም። ከ1987 እስከ 1994 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከገዥው ፓርቲ ተለይተው በትውልድ አገራቸው በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳደሩ። ከጀርባቸው ፓርቲ የለም፤ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚገባውንም ጥቅም በዚሁ ምክንያት አጥተዋል። ግን አሸነፉ። በአማራ ክልል ቡግና ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ በረከት ስምዖን መሸነፋቸው ተሰማ።

የቡግናው ታሪክ በዚህ አላበቃም። አቤቱታ በቀረበባቸው 31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን 1997 ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። ቡግና አንዱ ነበር። በግንቦት የተሸነፉት ሚኒስትር በነሐሴ አሸነፉ፤ 31ዱንም ወንበሮች የወሰደው ኢሕአዴግ ሆነ። ተቃዋሚዎች ድጋሚው ምርጫ ነፃ አልነበረም ብለው ከሰሱ፤ መንግሥት ሕጋዊ ነው አለ። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ወረዳ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ የሁለቱም ወገን ደጋፊ «ሕዝቡን እኔ አውቀዋለሁ» ማለቱን አልተወም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዕድሜ የገፋን ሁሉ እናስታውሳለን። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 አዲስ አበባ ደም ፈሰሰ። የተሠየመው አጣሪ ኮሚሽን ዳኞች 193 ሲቪሎች እንደተገደሉ ተናገሩ፤ ፖሊሶችም ሞተዋል። ቅንጅት ያሸነፈበትን ከተማ ሳይረከብ መሪዎቹ ታሰሩ። በሚያዝያ 2000 በተደረገው የአካባቢና የማሟያ ምርጫ ኢሕአዴግ በአዲስ አበባ ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጠቀለለ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ደግሞ ያቺው ከተማ ከ23 ወንበሮቿ 22ቱን ለኢሕአዴግ ሰጥታ አንድ ብቻ ለተቃዋሚ አስቀረች፤ በዚያ አንድ ወንበር ግርማ ሰይፉ 547 አባላት ባሉት ምክር ቤት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ሆኑ። በአምስት ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች ማለት ነው። የታወቀ ድምፅ የሚባለው የቱ ነው?

አባቴ የሚቆጥራቸው አራት ካርዶች

በእኛም ቤት ቆጣሪ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ሲቆጥር የኖረው ፉርጎ ነበርና ቁጥር ይወዳል። «በቤቴ አራት ካርድ አለ» ይል ነበር፤ የራሱን፣ የእናቴን፣ የእኔንና የታናሽ ወንድሜን። አራቱም ለንቡ እንደሚሄዱ አይጠራጠርም። አዲስ አበባ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ደግሞ አምስተኛ አድርጎ ይቆጥረዋል።

አባቴ ገዥውን ፓርቲ የደገፈው ጥቅም አግኝቶ አይደለም። ምክንያቱን በደንብ አውቀዋለሁ። በ1967 ንጉሡ ሲወርዱ አይቷል። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬ ደጃፍ ደርሶ ውጊያው ሲካሄድ እዚሁ ነበር። በ1983 ደርግ ሲፈርስ ሠራዊቱ ተበትኖ ሲያልፍ አይቷል። መንግሥት ሲለወጥ የሚያውቀው በጥይት ድምፅ ነው። በወረቀት ተለውጦ አያውቅማ! ስለዚህ «የያዝነውን እንያዝ» ሲል ፍርሃቱ ከኑሮው የመጣ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በበኩሉ መምህር ነው። የተማሪዎቹ ታላላቆች ተመርቀው ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ በየቀኑ ያያል። በዚያን ሰሞን አዲስ አበባ ሕፃናት ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሁለት ጣት ሲያሳዩ እሱም ሁለት ጣት አነሣ። ውጤቱ ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ ደወለ። አባቴ በድሬ ወግ ማዕረግ ሳያበዛ «አንተ፣ አገር ልታፈርስ ነው?» አለው። ወንድሜ «አባ፣ በካርድ የፈረሰ አገር የት አይተሃል?» አለ። እስከዚህ ድረስ ክርክር ነበር።

በሰኔ ጥይት ሲተኮስ ግን አባቴ «አልነገርኩህም?» አለ። ለእሱ ቃሉ የጭንቀት ቃል ነበር፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ነው ያደረው። ለወንድሜ ግን ጎረቤቱ በሞተበት ቀን የተወረወረ ድንጋይ ሆነበት። ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ከዓመት በላይ አልተነጋገሩም። በዓል ሲመጣ ወንድሜ ከእናቴ ጋር ያወራል፤ አባቴ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። እናቴ ስልኩን ስትዘጋ ማንንም ሳታይ «ደህና ነው፤ አልታመመም» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ትገባለች። ለማን እንደተነገረ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ደቻቱ ሞልቶ ከተማችን ላይ ወጣ። ድሬ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አጣች። የኛ ቤት ከወንዙ ራቅ ያለ ነው፤ አክስቴ ግን ቤቷን ውኃ ወስዶባት ከልጆቿ ጋር ጣራ ላይ አደረች። ጠዋት ስልኩ ጮኸ። እናቴ እህቷን ፍለጋ ወጥታ ስለነበር ያነሣው አባቴ ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «አለን። ሁላችንም አለን» አለ። ወንድሜ በሁለተኛው ቀን በአውቶቡስ ደረሰ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «በላህ?»

ያን ቀን ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም። ሐሳቡን የለወጠም የለም። በ2002 ምርጫ ሰሞን እንደገና ተከራከሩ፤ ይህን ጊዜ ግን ስልኩ ሳይዘጋ።

እናቴስ? እናቴ ማንን እንደመረጠች ሳትናገር ነው ያለፈችው። አባቴ ለዓመታት «ካርድሽ ለንቡ ነው አይደል?» ሲላት «ሣጥኑን ጠይቀው» ትለው ነበር። አንድ ጊዜ ቡና እያፈላች ጎረቤታችን አጥብቃ ጠየቀቻት፤ «አቦ ተዪኝ፣ መጋረጃው ለምን የተሰቀለ ይመስልሻል?» አለቻት። የእኔንም ካርድ አባቴ አላወቀውም። ለእናንተም አልነግራችሁም።

ሰፈር አይመርጥም

«የታወቀ ድምፅ» የሚለው ነገር ለምን እንደሚያሳስት ለልጆች በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። በሕገ መንግሥታችን መሠረት አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከመቶ መራጭ 40 ለአንዱ፣ 35 ለሁለተኛው፣ 25 ለሦስተኛው ቢሰጥ ወንበሩ የ40ው ነው። 60ው ሰው ሌላ ቢመርጥም ሰፈሩ በ40ው ስም ይጠራል። አዲስ አበባ በ1997 ለቅንጅት 23 ወንበር ስትሰጥ በየወረዳው ንቡን የመረጠ ሰው ነበር። በ2002 ወደ ኢሕአዴግ ስትዞርም በየወረዳው ያልዞረ ነበር። ካርታው ላይ አንድ ቀለም የተቀባ ቦታ ሁሉ ውስጡ ዝንጉርጉር ነው።

በእኛ በድሬ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የከተማችን ሥልጣን ለረጅም ዓመታት 40-40-20 በሚባል ቀመር ሲከፋፈል ኖሯል፤ 40ው ለኦሮሞ፣ 40ው ለሶማሌ ፓርቲ፣ 20ው ለቀሩት። ቀመሩን የሚደግፉ «ሰላም ያቆየልን እሱ ነው» ይላሉ፤ የሚቃወሙት «ሰውን በልደቱ አጥሮ ያስቀረ ነው» ይላሉ። እኔ የማነሣው የቤተሰብ ጥያቄ ነው። በድሬ ስንት ቤት አለ፣ እናት ኦሮሞ፣ አባት አማራ፣ አማች ሶማሌ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ከአደሬ የተወለደ? ያ የልጅ ልጅ በየትኛው መቶኛ ይቆጠር? ጠዋት ፈቲራ ሲገዛ በሦስት ቋንቋ ነው የሚከራከረው። ዕድሜው 18 ሲሞላ ደግሞ ካርዱን ይዞ መጋረጃው ኋላ ብቻውን ይቆማል። እዚያ የሚመርጠው ሰፈሩም ዘሩም አይደለም፤ ልጁ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በእንግሊዝ ኖርዝ ሽሮፕሺር የሚባል የገበሬዎች አካባቢ ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ርስት ሆኖ ኖሯል። በ2012 ምርጫ ፓርቲው በ23 ሺህ ገደማ የድምፅ ብልጫ አሸንፎ ነበር። ተወካዩ የምክር ቤቱን ደንብ ጥሰው ለግል ድርጅቶች ጉዳይ አስፈጽመዋል ተብለው ሲለቁ በታኅሣሥ 2014 የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ቀደም ሲል ሦስተኛ ሆኖ የነበረው የሊበራል ዴሞክራቶች ፓርቲ እጩ ሔለን ሞርገን በ6 ሺህ ገደማ ብልጫ አሸነፉ። በዘር ማንዘራቸው አንድ ፓርቲ ሲመርጡ የኖሩ ሰዎች አንድ ቀን «ንቆናል» ብለው ካርዳቸውን አዞሩ። የማሟያ ምርጫ ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ የሚወሰነው አንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ መራጩ መንግሥት ሳይለውጥ ቅሬታውን መናገር ይችላል።

ከሁሉ የማስተውለው ግን በማግስቱ የሆነውን ነው። የተሸነፈው ፓርቲ ውጤቱን ተቀበለ፤ አሸናፊዋም ሥራ ጀመሩ። አባቴ በሕይወቱ ያላየው ይህንን ነበር። እሱና ወንድሜ የተጣሉት በፓርቲ ይመስላቸው ነበር፤ ያጣላቸው ግን ሽንፈት ያለ ደም የሚያልፍበትን መንገድ አለማየታችን ነው። ይህን ማደላደል የመንግሥትና የፓርቲዎች ግዴታ ነው። በእኛ እጅ ያለው ግን በቤት ውስጥ ያለው ድርሻ ነው።

ከወላጅና ከአያት የሚጠበቀው

በመጀመሪያ ካርዱ የባለቤቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ድምፁም በሚስጥር እንደሚሰጥ ደንግጓል። የልጅን ወይም የሠራተኛን ካርድ «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ እንዳይጠፋ» ብሎ መያዝ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። መልሱላቸው። ልጁ ካርዱን ቢያጠፋ ራሱ ይጠየቅበታል፤ እንደ ትልቅ ሰው መቆጠር እንዲህ ይጀመራል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉዳዩ አውሩ። የልጄን ምርጫ አልጠይቃትም፤ ስለ ውኃ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ምን እንደምታስብ ግን እጠይቃታለሁ። ስትመልስ ደግሞ እስክትጨርስ እሰማለሁ። ይህ ለእናት ከባድ ሥራ ነው። አንዳንዴ ምላሴን ነክሼ ነው የምሰማት። ነገር ግን ከእኔ ጋር መከራከር የለመደች ልጅ ከጎዳና ሰው ጋር ስትከራከር ድንጋይ አታነሣም ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ፣ አቅመ ደካማ አያቶችን ለምትረዱ የልጅ ልጆች፤ ማየት ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ በመረጠው ሰው መረዳት ይችላል። ይህ አደራ ነው። አያት «እዚህ ላይ» ካሉ እዚያው ላይ ይደረጋል፤ «እማማ፣ ያኛው ይሻላል» ማለት የለም። ከጣቢያው ሲወጡም ያዩት ነገር እዚያው ይቀራል። የሰፈር ባጃጅ ውስጥ እንኳን አይወራም።

አራተኛ፣ ውጤት የሚሰማበትን ቀን አስቀድማችሁ አስቡበት። በአንድ ማዕድ ላይ አሸናፊም ተሸናፊም ሊቀመጥ ይችላል፤ ማን የቱ እንደሆነ ደግሞ አታውቁም። የደስታ እልልታችሁ ለአንዱ ልጃችሁ ሐዘን ሊሆን ይችላል። «አገር አለቀላት» የሚለው ቃላችሁም ትንንሾቹን እንቅልፍ ይነሣል። እነሱ ምርጫ ምን እንደሆነ ባያውቁም ፍርሃት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «አልነገርኩህም?» የምትለዋን ቃል ደግሞ፣ እውነት ብትሆን እንኳን፣ ዋጧት።

የመጨረሻው ለአያቶች ነው። 1967ን፣ 1969ን፣ 1983ን፣ 1997ን ያያችሁ እናንተ ናችሁ። የልጅ ልጆቻችሁ ይህን የሚሰሙት ከስልክ ነው፤ ስልኩም እንደ ላኪው ይናገራል። በቡና ሰዓት ያያችሁትን ንገሯቸው፤ ማን ደጃችሁን ሲያንኳኳ እንደፈራችሁ፣ ማን እንደደበቃችሁ፣ ከተለያየ ወገን ሆናችሁ ከየትኛው ጎረቤት ጋር እስከ ዛሬ ቡና እንደምትጠጡ። ማንን ይምረጡ የሚለውን ግን ለእነሱ ተዉላቸው።